የልምምድ ሜዳው ከከተማ ሲወጣ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ከተማ መሬት አጠቃቀም አንድ ምሳሌ መርጬ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አሳቤ የመጣው የአንድ እግር ኳስ ክለብ ታሪክ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ኳስንና ፕላንን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ሆኖም አንድ ታላቅ ክለብ የልምምድ ሥፍራውን ከመኻል ከተማ አንሥቶ ወደ ዳር በሚያዛውርበት ጊዜ፣ በሙያችን ውስጥ ያሉት ከባድ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድነት ይነሣሉ። የመሬት ዋጋ ከየት ይመጣል? ዋጋው ባደገ ጊዜስ ትርፉ ለማን ይገባል? ለሕዝብ የታሰበው ድርሻ መቼና በማን ይሠራል? ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ የስፔኑ ሪያል ማድሪድ ክለብ የልምምድ ሥፍራውን የለወጠበትን ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ክለቡ ከነበረበት እንዴት እንደ ተነሣ፣ ቀጥሎ በለቀቀው መሬትና በሄደበት ሥፍራ ምን እንደ ተሠራ፣ በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ምን ትምህርት እንደምናገኝ እናገራለሁ። የውጭ አገሩን ነገር ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከመነሻው ልጀምር። ሪያል ማድሪድ የተመሠረተው በ1902 ነው። ከ1943 እስከ 1978 በፕሬዚዳንትነት የመሩት ሳንቲያጎ በርናባው፣ በ1947 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ስታዲየም አሠርተው አስመረቁ። ከዚያም በ1963 ከስታዲየሙ በስተሰሜን፣ ካስቴያና የሚባለው ሰፊ ጎዳና በሚያበቃበት አካባቢ፣ «የስፖርት ከተማ» የተሰኘው የልምምድ ሥፍራ ተከፈተ። በዚያ የነበረው የኳስ ሜዳ ብቻ አልነበረም። የመዋኛ ገንዳና የቴኒስ ሜዳ ነበረበት፤ በ1966ም የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ተጨመረበት። የክለቡ አባላት ከነቤተሰባቸው እየመጡ ይዋኙበትና ይጫወቱበት ስለ ነበር፣ ሥፍራው የቡድኑ መለማመጃ ከመሆኑም በላይ የማኅበርተኞቹ መገናኛ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድንል ያስፈልጋል። በ1963 ያ ሥፍራ ራሱ የከተማው ዳር ነበር። ከተማው ግን ቆሞ አልጠበቀም። በ1964 ላ ፓዝ የተባለው ታላቅ ሆስፒታል በአጠገቡ ተከፈተ፤ በአቅራቢያው የሚገኘው የቻማርቲን የባቡር ጣቢያም ከማድሪድ ዋና ዋና ጣቢያዎች አንዱ ለመሆን በቃ። አርባ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዳር የነበረው መኻል ሆነ። የኳስ ሜዳው በከተማው እጅግ ከሚፈለጉት መሬቶች በአንዱ ላይ ተንጣልሎ ተገኘ።

በ2000 ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እኒህ ሰው በትምህርታቸው ሲቪል መሐንዲስ፣ በሥራቸውም የአንድ ታላቅ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት መሪ ስለ ነበሩ፣ የሜዳውን ነገር የተመለከቱት በእኛ ሙያ ዓይን ነው ማለት ይቻላል። ክለቡ በከባድ ዕዳ ተይዞ ነበር። በ2001 ክለቡ፣ የማድሪድ ማዘጋጃ ቤትና የማድሪድ ክፍለ ሀገር መስተዳድር ተስማሙ። በስምምነቱም መሠረት፣ ለስፖርት አገልግሎት ተመድቦ የኖረው መሬት ለቢሮ ሕንፃዎች እንዲውል የአጠቃቀሙ ምድብ ተለወጠ። ክለቡም ከመሬቱ ሽያጭ ከ400 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አገኘ። ዕዳው ተቃለለ፤ ዚነዲን ዚዳን በ2001፣ ብራዚላዊው ሮናልዶ በ2002፣ ዴቪድ ቤካም በ2003 ወደ ክለቡ መጡ።

ክቡራትና ክቡራን፤ የንግግሬ መሠረተ አሳብ የሚገኘው በዚህ ላይ ነው። ከውሉ በፊትና በኋላ ሣሩ ያው ሣር፣ አፈሩም ያው አፈር ነበር። የተለወጠው በፕላኑ ላይ ለዚያ ቁራሽ መሬት የተሰጠው አንድ ቃል ነው። «ስፖርት» የሚለው ተፍቆ «ቢሮ» ሲባል፣ ቀድሞ ያልነበረ ሀብት ተፈጠረ። ያንን ሀብት የፈጠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጎዳናውን፣ ባቡሩንና ሆስፒታሉን ወደዚያ ያደረሰው የከተማው ሕዝብ ድካም ነው፤ ሁለተኛው የባለ ሥልጣኑ ብዕር ነው። ሁለቱም የሕዝብ ናቸው።

ይህን ስል ክለቡን ለመክሰስ አይደለም። ውሉን የደገፉት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። ሪያል ማድሪድ የአንድ ባለጠጋ ንብረት ሳይሆን የአባላቱ ነው፤ መሬቱም በሕግ የራሱ ነበር፤ ከተማውም አዲስ የንግድ ማዕከል አገኘበት። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ለአንድ ክለብ የተደረገው ለሌላ ባለመሬት ሁሉ እንደማይደረግ፣ በፕላን ለውጥ የተገኘ ሀብትም ለከተማው በይበልጥ ሊመለስ ይገባ እንደ ነበር አመለከቱ። ባለሙያ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ሲያበቃ ሊመረምረው የሚገባው በመሬቱ ላይ የተፈጸመውን ነው።

በመሬቱ ላይ ምን ተፈጸመ? አራት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ቆሙ። ከአራቱ ሁለቱ ወደ 250 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ሲኖራቸው፣ አንደኛውን እንግሊዛዊው ኖርማን ፎስተር፣ ሌላውን አርጀንቲና የተወለደው ሴዛር ፔሊ ነደፉት። ሕንፃዎቹ ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ተፈጽመው በስፔን አገር ከሁሉ ረዣዥሞቹ ሆኑ። ዛሬ ወደ ማድሪድ የሚጓዝ ሰው ከሩቅ አስቀድሞ የሚያያቸው እነዚህን ነው። ለከተማው በቀረው መሬት ላይ ደግሞ ዓለም አቀፍ የስብሰባ አዳራሽ እንዲሠራ ተወጠነ። ንድፉም በሁለት የታወቁ ስፔናውያን አርክቴክቶች፣ በማንሲያና በቱንዮን ተዘጋጀ፤ እንደ ፀሐይ ክብ ሆኖ የሚቆም ሕንፃ ነበር። መሠረቱ ተቆፈረ። ነገር ግን በ2008 የጀመረው የገንዘብ ቀውስ ስፔንን ባናወጠ ጊዜ ሥራው ቆመ። ከአራቱ ሕንፃዎች ሥር ለብዙ ዓመታት የቀረው ጉድጓድ ነበር። በመጨረሻም የስብሰባ አዳራሹ ነገር ቀርቶ፣ በቦታው 181 ሜትር ቁመት ያለው አምስተኛ ሕንፃ በግል ድርጅት ተሠርቶ በ2021 ተከፈተ፤ ዋናው ተጠቃሚውም አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው።

የግሉ ድርሻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰማይ ሲነካ፣ የሕዝቡ ድርሻ ጉድጓድ ሆኖ ቆየ። ይህ የሆነው በማንም ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ገንዘብ በሚገኝበት ጊዜ አስቀድሞ የተሠራው የሚሸጠው ነበር። የማይሸጠው ለኋላ ተተወ፤ ኋላ ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡ አልቆ ተገኘ።

አሁን ክለቡን ተከትለን ወደ አዲሱ ሥፍራ እንሂድ። ቫልዴቤባስ የሚባለው ቦታ በማድሪድ ሰሜን ምሥራቅ፣ በባራኻስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ይገኛል። አዲሱ የልምምድ ሥፍራ በ2005 ሲመረቅ የመሬቱ ስፋት 120 ሄክታር፣ በእኛ በጥንቱ አለካክ ሦስት ጋሻ ያህል ነበር፤ ይኸውም የቀድሞውን ሥፍራ አሥር እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ንድፉን የሠራው የላሜላ የአርክቴክቶች ድርጅት ነው። በ2006 በግቢው ውስጥ በአልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ስም የተጠራ አነስተኛ ስታዲየም ሲከፈት፣ ለምረቃው ጨዋታ የተጋበዘው በ1956 በመጀመሪያው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሪያል ማድሪድ ያሸነፈው የፈረንሳዩ ራንስ ነበር። ሕፃናቱ፣ ወጣቶቹና ዋናው ቡድን በአንድ ግቢ ይለማመዳሉ፤ ሐኪሙ፣ መዋኛውና ማደሪያው በአንድነት ይገኛሉ። ስለ ሥራው ጥራት ባለሙያ ሁሉ ሊመሰክርለት የሚገባ ነው።

ከጥቅሙ ጋር የቀረ ነገርም አለ። የቀድሞው ሥፍራ አባላቱ ከነልጆቻቸው የሚውሉበት ሲሆን፣ አዲሱ በዋነኛነት ለቡድኖቹ የተሠራ ነው። ተጫዋቹ በመኪናው ገብቶ በመኪናው ይወጣል። ለአካባቢው የተሠራው የባቡር ጣቢያም አገልግሎት የጀመረው በ2015፣ ማለት ግቢው ከተመረቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። መንገድ የሌለው ተመልካች እንግዳ ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1963 የሆነው እዚህም በመድገም ላይ ነው። በቫልዴቤባስ ብዙ ሺሕ ነዋሪ የሚይዝ የመኖሪያ ሠፈር ተሠርቷል፤ በ2020 መጨረሻም አዲስ ሆስፒታል ተከፍቷል። ዳሩ እንደገና መኻል ለመሆን ጉዞ ጀምሯል።

ለማነጻጸር ያህል የእንግሊዙን ሊቨርፑል በአጭሩ ላንሣ። ይህ ክለብ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዌስት ደርቢ በተባለ ሠፈር፣ ሜልውድ በሚባል ግቢ ሲለማመድ ኖሯል። አካባቢው የመኖሪያ ቤት ስለ ሆነ፣ ልጆች በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ተጫዋቾቹን ያዩ ነበር። ክለቡ በኅዳር 2020 ከከተማው ወሰን ውጭ ወዳለችው ወደ ከርክቢ ተዛወረ። ከርክቢ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሊቨርፑል የተጎሳቆሉ ሠፈሮች የተነሡ ቤተሰቦች የሠፈሩባት ከተማ ናት። ስለዚህ ክለቡ የሄደው ደጋፊዎቹ ቀድመው ወደ ተወሰዱበት ሥፍራ ነው ለማለት ይቻላል። ሜልውድ ለመኖሪያ ቤት ሥራ በ2019 ተሽጦ ነበር፤ ቤቱ ግን ገና ሳይሠራ ክለቡ በ2023 ግቢውን ለሴቶች ቡድኑ መልሶ ገዛው። በማድሪድ ይህ ሊሆን አይችልም። 250 ሜትር ሕንፃ የቆመበት ሜዳ ተመልሶ ሜዳ አይሆንም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤ ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች እናገኛለን ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ አንድ ክለብም ሆነ ፋብሪካ ወይም ካምፕ ከመኻል ከተማ እንዲነሣ በሚወሰንበት ጊዜ፣ የሚሄድበትን ብቻ ሳይሆን የሚለቀውን መሬት ፕላን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብረን መሥራት ይገባናል። ሁለቱ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ክፍል ሲታዩ፣ በመኻከላቸው የሚፈጠረው ዋጋ ከዓይናችን ያመልጣል።

ሁለተኛ፣ የሕዝቡ ድርሻ በውሉ ውስጥ መጻፉ ብቻ አይበቃም። የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ ተወስኖ፣ ከሚሸጠው ሕንፃ በፊት ወይም እኩል እንዲሠራ መደረግ አለበት። ለበኋላ የተባለ ነገር የጉድጓድ ዕጣ እንደሚያገኘው የማድሪዱ የስብሰባ አዳራሽ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፣ የከተማ ዳር የምንለው ሥፍራ የነገ መኻል መሆኑን ሳንዘነጋ፣ በዳሩ ላይ የምንነድፈውን ሁሉ መኻል በሚሆንበት ቀን ዓይን መመልከት ያስፈልገናል። መንገዱ፣ የአውቶቡስና የባቡር መሥመሩ፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ክፍት መሬት ዛሬ መሬቱ ባዶ ሳለ ካልተከለለ፣ ነገ በማንኛውም ዋጋ አይገኝም።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጀሞን፣ የካ አባዶንና ኮዬ ፈጬን ያየ ሰው ትናንት የእርሻ መሬት የነበረው እንዴት ከተማ እንደ ሆነ ያውቃል። መኻል የቀረ ሜዳ ምን ያህል እንደሚፈለግም ጃንሜዳ ያስረዳናል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር፤ ለ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሜዳው እንዲጸዳ ሆነ። ያን ጊዜ ከተማው ለነጋዴውም፣ ለታቦቱም፣ ለሯጩም የሚበቃ ክፍት ሥፍራ በመኖሩ ተጠቀመ። ጃንሜዳን ጠብቀው ያቆዩልን ሰዎች እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብለው አላሰቡ ይሆናል። ሜዳውን ግን አቆዩት።

በፕላን ላይ አንድ ቃል መለወጥ የሚችል እጅ ያለን ጥቂቶች ነን። ያ ቃል ሲለወጥ ሀብት ይፈጠራል፤ ሀብቱ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚወሰነውም በዚያው ሰዓት ነው። በኋላ የሚደረግ ክርክር የቆመውን ሕንፃ አያፈርስም፣ የተቆፈረውንም ጉድጓድ አይሞላም። እያንዳንዳችን ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት፣ መሬቱን የሚለቀው ማን እንደ ሆነ፣ የሚገባበት ማን እንደ ሆነ፣ ለቀሪው ሕዝብም ምን እንደሚተርፍ እንጠይቅ ዘንድ አደራ እላለሁ።