በአንድ ተቃውሞ



ዛሬ ስለ አንድ የምክር ቤት አባል ላጫውታችሁ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ፣ 547 መቀመጫ ወዳለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። ከአንድ የግል ተወዳዳሪ በቀር የቀረው ወንበር በሙሉ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ብዙ አባል ያለው ፓርቲ ሥራ ይከፋፈላል። እሳቸው ግን በጀትም ቢሆን፣ የኑሮ ውድነትም ቢሆን፣ የፕሬስ ነፃነትም ቢሆን፣ ለፓርቲያቸው የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። ድምፅ ሲሰጥ ዜናው «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ይላል።

እኔ ያኔ ይህን ስሰማ እስቅ ነበር። «አንድ እጅ ምን ሊለውጥ!» እል ነበር። እውነትም አዋጁ ከመጽደቅ አልቀረም።

በኋላ በመሥሪያ ቤቴ ስብሰባ አንዲት ባልደረባችን እንድትቀጣ ሐሳብ ቀረበ። ጥፋት እንደሌለባት አውቃለሁ። «የሚቃወም?» ተባለ። እጄን አላነሳሁም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ።

የዚያች የአንድ እጅ ጥቅም የገባኝ ያን ዕለት ነው። ባታሸንፍም «ሁሉም ተስማማ» እንዳይባል ታደርጋለች። ለባልደረባዬ ያን እንኳ ነፈግኳት።

ብዙዎቻችን ዛሬ ስብሰባ መሪዎች ነን። አደራ፣ «የሚቃወም?» ብላችሁ ስትጠይቁ ትንሽ ጠብቁ። እጁን ለማንሳት የሚያመነታ እንደኔ ያለ ሰው አይጠፋም።