ጆን ዲኪንሰን፤ ፊርማውን ነፍጎ አገሩን ያልነፈገ ሰው

የዛሬው ንግግር ጆን ዲኪንሰን ስለሚባል የአሜሪካ ባለርስት ነው። በንግግሩ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዲኪንሰን በ1732 ዓመተ ምሕረት በሜሪላንድ ተወለደ። በዚያን ዘመን ሜሪላንድና ጎረቤቶቿ በእንግሊዝ ንጉሥ የሚገዙ ቅኝ አገሮች ነበሩ። አባቱ ሰፊ እርሻ ያለው ዳኛ ነበረ፤ እርሻውንም የሚያለሙት ባሮች ነበሩ። ልጁ በዴላዌር ባለው ርስት አደገ፤ በ1753 ሕግ ለመማር ወደ ሎንዶን ተሻገረ፤ በ1757ም ተመልሶ በፊላዴልፊያ ጠበቃ ሆነ።

በ1767 የእንግሊዝ ምክር ቤት ወደ አሜሪካ በሚገባ ወረቀት፥ መስታወት፥ ቀለምና ሻይ ላይ ቀረጥ ጣለ። በዚህ ጊዜ ዲኪንሰን ስሙን ሰውሮ፥ ገበሬ ነኝ ብሎ፥ 12 ደብዳቤዎች በጋዜጣ አወጣ። የደብዳቤዎቹም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሕዝቡ እንደራሴ ያልላከበት ጉባኤ የጣለውን ቀረጥ፥ ጥቂት ነው ብሎ የተቀበለ ሰው፥ ነገ ብዙ ሲጠየቅ የሚከራከርበት አፍ አይኖረውም። ጽሑፉ በቅኝ አገሮቹ ሁሉ ተነበበ፤ ስሙም ገነነ።

በ1775 ጦርነት ተነሣ። በሐምሌ 1776 መልእክተኞቹ ከእንግሊዝ ለመለየት በፊላዴልፊያ ሲመክሩ፥ ዲኪንሰን ተነሥቶ ጊዜው ገና ነው አለ። አገሮቹ በውል አልተሳሰሩም፤ የሚረዳቸው መንግሥትም አልተገኘም ሲል አስረዳ። ይህ ንግግር ክብሩን እንደሚያሳጣው ያውቅ ነበር፤ ዝም ማለትን ግን አልወደደም። ምክሩ ድል እንዳልሆነለት ባየ ጊዜ፥ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ከጉባኤው ቀረ፤ ስለዚህም የፔንስልቫንያ ድምፅ ለነፃነት ሆነ። በነፃነቱ ጽሑፍ ላይ ግን አልፈረመም።

ከዚህ በኋላ አኩርፎ በቤቱ አልተቀመጠም። የተቃወመው ነገር የአገሩ ውሳኔ ስለ ሆነ፥ ጭፍራውን እየመራ እንግሊዞችን ለመከላከል ወደ ኒው ጀርሲ ዘመተ። የፔንስልቫንያ ሰዎች ግን በዚያው ወር ከመልእክተኛነቱ ሻሩት።

በነፃነቱ ጽሑፍ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጠረ ተብሎ ነበር። ይህን የጻፈው ቶማስ ጄፈርሰን በ1826 ሲሞት አብዛኞቹን ባሮቹን ነፃ ሳያወጣ ቀረ። ያልፈረመው ዲኪንሰን ግን በ1777 ለባሮቹ የነፃነት ሰነድ ጻፈ። ሰነዱ መጀመሪያ ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ስለ ነበረ ፍርዱ ጎደሎ ነበር። በ1786 ይህንንም ግዴታ አንሥቶ ፈጽሞ ነፃ አወጣቸው። ለራሱ መብት በጋዜጣ ከተከራከረበት ቀን እስከዚህ ድረስ ወደ 20 ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

ሕዝቡም መልሶ አከበረው፤ በ1781 የዴላዌር፥ በ1782 የፔንስልቫንያ የበላይ ገዥ ሆነ። በ1783 በካርላይል ከተማ በስሙ ኮሌጅ ቆመ፤ እርሱም ለኮሌጁ መጻሕፍት ሰጠ። በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የዴላዌር መልእክተኛ ነበረ። በ1808 ዓመተ ምሕረት ሞተ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ በትምህርት ቤትም ሆነ በሸንጎ ሲነገር፥ ሁለት ነገር አይዘንጋ። በምክር ጊዜ እውነት የመሰለውን መናገር፥ ከተቈረጠ በኋላ ግን ከወገን ጋር መቆም፥ የማይጣሉ ምግባሮች ናቸው። ደግሞም ስለ ነፃነት የሚናገር ሰው ንግግሩ የሚመዘነው ከገዛ ደጁ ባሉት ሰዎች ኑሮ ነው፤ ዲኪንሰንም ወደዚህ ሚዛን ዘግይቶ ቢሆንም ቀረበ።