ደብተሩን ቶሎ አንጣለው

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የዕድራችንን መዝገብ ከደብተር ወደ ኤክሴል ለማዛወር ተስማምተናል። ጥሩ ነው። ግን አደራ፣ አንቸኩል።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ አባል ቁጥር እንስጥ። ሞክሼ ስም አለን፣ ስልክም ይቀየራል፤ ቁጥሩ ግን አይቀየርም።

ሁለተኛ፣ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅን ቀን ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። የብዙዎቻችን ደሞዝም በፈረንጅ ወር ስለሆነ፣ መዋጮውን በዚያው እንመዝግብ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ወር ሙሉ ደብተሩም ኤክሴሉም ጎን ለጎን ይሂዱ። ወር ሲያልቅ ድምሩ እኩል ካልመጣ፣ ልዩነቱ 5 ሪያልም ቢሆን፣ ምክንያቱ ሳይገኝ ወደፊት አንሂድ። የሚያመሳክረውም ገንዘብ ያዡ ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን።

አራተኛ፣ ፋይሉ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል፤ ማዳምም ትወስደዋለች። ሁለት ሰው ዘንድ ቅጂ ይኑር፣ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። የፓስፖርትና የኢቃማ ቁጥር ግን አይግባበት፤ ለመዋጮ ምን ይሠራል?

ይሄ ብር ስንቶቻችን እንቅልፍ አጥተን ያመጣነው ነው። አንዷ ስትታመም፣ አስከሬን ወደ አገር ሲላክ የምንደርሰው በሱ ነው። መዝገቡ ከተምታታ መተማመናችንም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ መጥታችሁ የከፈላችሁትን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ደብተሩን የምንዘጋው ያኔ ነው።