የሚጠቀለል የፀሐይ መብራትና የላስታ ዳገት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ሰዓት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ ወደ ላስታ ስመለስ ለእናቴ የፀሐይ መብራት ይዤላት ነበር። ወደ ቀዬአችን መኪና ስለማይገባ ዕቃው ከላሊበላ በበቅሎ ተጫነ። ዳገቱ ላይ በቅሎዪቱን አዳለጣት፤ የፀሐይ መቀበያው መስተዋት ተሰነጠቀ። እናቴም «አንተ ደኅና ግባልኝ እንጂ ኩራዙ አለልኝ» አለችኝ።

ሁላችንም እንደተማርነው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሽቦ የሚሸፈንበትም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1977 ሺራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር የተባሉ ሊቃውንት ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፕላስቲክ የአዮዲን እንፋሎት ቢያስነኩት፣ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ኃይሉ በሚሊዮኖች እጥፍ ጨመረ። በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት።

ምክንያቱን በልደት ዕለት ቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሕዝቡ ጢም ብሎ ሲሞላ ማንም አይነቃነቅም፤ አንድ ሰው ሲወጣ ግን ከኋላው ያለው ቦታውን ይይዛል፣ የእርሱንም ሌላው። አዮዲኑም ከካርቦኑ ሰንሰለት ኤሌክትሮን እየነጠቀ ክፍት ቦታ ያበጃል፤ የቀሩት በዚያው ይፈሳሉ። ይህም የሚሆነው በሰንሰለቱ ነጠላና ድርብ ማሰሪያ ሲፈራረቅ ነው።

እንዲህ ያለው ፖሊመር ሟሙቶ እንደ ቀለም ሊታተም፣ እንደ ሰሌን የሚጠቀለል የፀሐይ ሉህ ሊሆን ይችላል። ይህም የሩቅ አገር ሥራ ብቻ አይምሰላችሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ለፀሐይ ኃይል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርተዋል፤ ዶክተር ሽመልስ አድማሴም ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከእንጨት የሚገኘውን ሊግኒን ከእንዲህ ያለ ፖሊመር ጋር በማዋሐድ ኤሌክትሪክ የሚያከማችበትን መንገድ መርምረዋል።

ሆኖም እውነቱን እንነጋገር። የፕላስቲኩ ሉህ ከሲሊኮኑ ያነሰ ኃይል ይሰጣል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። አየር፣ እርጥበትና የፀሐይ ጨረር ያበላሹታል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። እንግዲህ ለላስታ መብራት የምትሰጠው ፀሐይ ራሷ ሉሁን ትፈጀዋለች ማለት ነው። በብርድ አገር ቤተ ሙከራ የጸና ነገር በእኛ ጣራ ላይ ለመጽናቱ ዋስትና የለም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የሳይንስ ተማሪዎች ለዕረፍት ስንሄድ ትንንሽ ናሙናዎችን ወደየአገራችን ወስደን ጣራ ላይ ብንሰቅል፣ ኃይላቸውንም በየወሩ እየለካን ብንመዘግብ፣ ለመምህሮቻችን ሌላ አገር የማይገኝ ዕውቀት እናቀርባለን። የመጀመሪያውን ናሙና እኔ ወደ ላስታ እወስዳለሁ፤ በቅሎዪቱም ብትወድቅ አይሰበርም።