ስለሚያበራው ጨው
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ጨው ሆይ፤ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላል ተረታችን። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ስለሚጣፍጥ ጨው ሳይሆን ስለሚያበራ ጨው ነው። ይኸውም የገበታችን ጨው ዘመድ የሆነው ሶዲየም አዮዳይድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ሮበርት ሆፍስታድተር የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ፥ ይህ ጨው ጥቂት ታሊየም ሲጨመርበት የጋማ ጨረር ባገኘው ቁጥር ደኅና አድርጎ ብልጭ እንደሚል አስታወቀ። ታሊየሙ ከሺሕ አንድ ያህል ቢሆን ይበቃል።

ታዲያ ያ ጥቂት ባዕድ ነገር ምን ይሠራል? ጨረሩ በክሪስታሉ ውስጥ አንድ ፈጣን ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል፤ እርሱም በመንገዱ ያሉትን ብዙ ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ያስነሣል። ጨው ንጹሕ ከሆነ፥ በክፍል ሙቀት ይህ ጉልበት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ታሊየም ካለበት ግን ጉልበቱን ተቀብሎ 415 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ያወጣዋል። የዚህ ብርሃን ጉልበት ክሪስታሉ ሊውጠው ከሚችለው ያነሰ ስለ ሆነ፥ ሳይታፈን ወደ ውጭ ያልፋል። ከዚያም ፎቶመልቲፕላየር የሚባለው ቱቦ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ያበዛዋል።

ብርሃኑም በጨረሩ ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት 38 ያህል ፎቶን ይወጣል። ስለዚህ ባለ 662ቱ የሲዚየም 137 ጨረር 25 ሺሕ ያህል፥ በሆስፒታል የሚሠራበት ባለ 140ው የቴክኒሺየም ጨረር ደግሞ 5 ሺሕ ያህል ፎቶን ይሰጣል። ብልጭታውን የለካ ጨረሩን ለካ ማለት ነው።

የነገሩም ክብደት እዚህ ላይ ነው። ሃል አንገር በ1950ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የሠራው የጋማ ካሜራ የቆመው በዚሁ ጨው ላይ ነው። በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ ተጋጭቶ አቅጣጫውን የሳተ ጨረር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ካሜራውም በብልጭታው ማነስ ለይቶ ይጥለዋል። ነገር ግን ይህ ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ክሪስታል ቢጫ ይሆናል፥ ብርሃኑም ይታፈናል። ያን ጊዜ እውነተኛውና የሳተው ጨረር ይደባለቃሉ፤ ሐኪሙም የደበዘዘ ምስል ይዞ ይፈርዳል። በአሉሚኒየምና በመስተዋት ታሽጎ የሚቀመጠውም ስለዚህ ነው።

ሌላ ጨው የለምን? አለ። ታሊየም ያለበት ሲዚየም አዮዳይድ እርጥበትን ይበልጥ ይችላል፤ ዳሩ ግን የሶዲየሙ ብልጭታ በ230 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ሲደክም፥ የእርሱ 1 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቆያል። ሴሪየም ያለበት ላንታነም ብሮማይድ በ16 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ይደክማል፥ ብርሃኑም ይበልጣል፤ ነገር ግን ላንታነም ራሱ በተፈጥሮው ጥቂት ጨረር ስለሚያወጣ ደካማ ጨረር ለሚፈልግ ሰው ያስቸግራል። እንግዲህ እንከን የሌለው ጨው የለም፤ እንደ ሥራው መምረጥ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በመለኪያ ላይ ቁጥር ባየን ጊዜ «ስንት ነው?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ይህን ቁጥር የሰጠው የትኛው ጨው ነው? ደኅንነቱስ?» ብለን እንጠይቅ። ጨርሶ የማያበራው ጨው ድንጋይ ነህ ተብሎ ይጣላልና አያሳስትም፤ የሚያሳስተው ግማሽ እያበራ ሙሉ የሚመስለው ነው።