ቀለሙ ሲታጠብ

በሬዲዮ የተላለፈ መልእክት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

ይህችን ጽሑፍ በእጅህ የያዝህ ወንድሜ፣ በእጅሽ የያዝሽ እህቴ፣ ዛሬ የማወራው ነገር መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ስለ አንድ የአሜሪካ የሮክ ባንድ ነው። «ፓስተርን ደግሞ ምን ነካው?» እንዳትሉ፤ ትንሽ ታገሡኝ። በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ ፕሮግራም ስለ ወጣቶችና ስለ ዓለም ሙዚቃ ስናገር ኪስ የሚባለውን ባንድ በምሳሌነት አነሣሁ። ፊታቸውን ነጭና ጥቁር የሚቀቡት፣ አንዱ እሳት የሚተፋው፣ ምላሱን የሚያወጣው፣ ታውቋቸዋላችሁ። «የስማቸው አራት ፊደላት ሲፈቱ ‘የሰይጣን አገልጋይ ፈረሰኞች’ ማለት ነው» አልኩ። አልበቃኝም፤ «ደግሞም ሙዚቃ አይችሉም፤ ቀለምና ጭስ ብቻ ናቸው» ብዬ ጨመርኩ። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ልጆች ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰባኪ ሲስቁለት ደስ ይለዋል፣ ምን ልደብቃችሁ።

በሳምንቱ እዚሁ አሜሪካ የሚኖር አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ቤተሰብ ምሳ ጋበዘኝ። አባወራው በሱዳን በኩል ተሰዶ የመጣ፣ አሁን ጸጉሩ የሸበተ ወንድም ነው። ልጁ ኮሌጅ ሙዚቃ ይማራል፣ እሑድ እሑድ በመዘምራን ጊታር ይጫወታል። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ልጁ፣ «ፓስተር፣ ያ በሬዲዮ ያሉት ልክ ነው፤ ኪሶች ሙዚቃ አይችሉም» አለኝ። አባትየው ስኒውን አስቀመጠ። ለካ ሰውየው የጥንት አድናቂያቸው ኖሯል! ልጁም ቢሆን እነሱን እየሰማ ነው ያደገው። እኔ መሀል ተቀምጬ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ አያለሁ።

ልጁ የዋዛ ተከራካሪ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) «አባዬ፣ በ1975 ስም ያወጣላቸው ‘አላይቭ’ የሚለው አልበም በመድረክ የተቀዳ ተብሎ ነው የተሸጠው። በኋላ ግን ስቱዲዮ ገብተው ስሕተታቸውን እንዳረሙ ታውቋል። በ1976 ‘ዲስትሮየር’ን ሲሠሩ ፕሮዲውሰሩ ቦብ ኤዝሪን እንደ ተማሪ አስቀምጦ ሙዚቃ ነው ያስተማራቸው። ‘ቤዝ’ የምትባለው ዘፈናቸው (የሴት ስም ናት፣ ጊታሩ አይደለም) በአሜሪካ ሰንጠረዥ 7ኛ ስትደርስ ከበሮ መቺው ፒተር ክሪስ ዘፈናት እንጂ ያጀባት ኦርኬስትራ ነው። በ1979 ደግሞ ‘ዳይነስቲ’ ላይ ከአንድ ዘፈን በቀር ከበሮውን የመታው አንቶን ፊግ የሚባል ሌላ ሰው ነው። ስሙን እንኳ ሽፋኑ ላይ አልጻፉለትም!»

ቀጠለ። «ይኼን ሁሉ ተወው። ኤስ ፍሬህሊና ፒተር ሲወጡ፣ የኤስን ቀለም ቶሚ ታየር ተቀባ፣ የፒተርን ኤሪክ ሲንገር ተቀባ፤ ኮንሰርቱ ቀጠለ። በታኅሣሥ 2023 ኒው ዮርክ ላይ የመጨረሻቸውን ተጫውተው ሲጨርሱ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎቻቸውን አስተዋወቁ። ሰዎቹ በሌሉበት የሚሠራ ባንድ እኮ ቀለም ነው ማለት ነው።»

እኔ በልቤ «አበቃ፣ አሸነፈ» አልኩ።

አባትየው ግን አልተቸኮለም። «ጨረስህ? እንግዲህ ስማ። በ1974 እና በ1975 መጀመሪያ ያወጧቸው ሦስት አልበሞች የረባ አልተሸጡም። ያኔ ቀለም አልነበራቸውም? ነበራቸው። እሳትስ? ነበር። በ1973 መጨረሻ ጂን ሲመንስ እሳት ሲተፋ የራሱ ጸጉር ተያይዟል። ቀለም ብቻውን የሚሸጥ ቢሆን ያኔ በተሸጠ። ሰው የገዛው አዳራሽ ውስጥ ሲጫወቱ የሚሰማውን ስሜት በሸክላ ሲያገኝ ነው።»

«የታረመውን ሸክላ» አለ ልጁ።

«የታረመ ይሁን። ከመቶ ጊዜ አንዱን ስቶ ያረመና ጭራሽ የማይችል አንድ ነው? ኤስ ፍሬህሊን እኮ ማንም አላስተማረውም፣ ጊታሩን ራሱ ነው የለመደው። ፈጣን አይደለም። ግን የተጫወታትን ነገር በአፍህ ልታንጎራጉራት ትችላለህ፤ አንተስ ትናንት እንዲያ አልተጫወትክም? በ1978 አራቱም በአንድ ቀን የየራሳቸውን አልበም ሲያወጡ፣ ትልቁን ተወዳጅ ዘፈን ያገኘው ማን ነው? እሱ ነው። ፖል ስታንሊ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ ቀኝ ጆሮው አይሰማም። በአንድ ጆሮ እየሰማህ እስቲ ድምፅ ግጠም።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ወገኖቼ፣ እኔ በወጣትነቴ መዘምራን ውስጥ ሁለተኛ ድምፅ ነበርኩ። በሁለት ጆሮ እንኳ ሁለተኛ ድምፅ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የያዘ ያውቀዋል!

ከዚያ አባትየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ፓስተር፣ ይፈቅዱልኛል?» አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። በ1995 ለኤም ቲቪ ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተጫወቱትን አሳየን። ቀለም የለ፣ ጭስ የለ፣ ያ እንደ በርጩማ ከፍ ያለ ጫማ የለ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው በእንጨት ጊታር ይጫወታሉ። መጨረሻ ላይ የቀድሞዎቹ ሁለቱ ኤስና ፒተር መጥተው ተቀላቀሉ። ዝም ብዬ ሰማሁ። ፍርዴን ልንገራችሁ፤ ሊቃውንት አይደሉም። ከበሮው ቀላል ነው፣ ጊታሩም ብዙ አይጠበብም። ግን ይችላሉ። ድምፃቸው ይገጥማል፣ ዘፈኑ አጥንት አለው፣ ልብሱን ብታወልቀው አይወድቅም። እኔ በሬዲዮ «አይችሉም» ያልኩት አንድም ቀን ሳልሰማቸው ነበር።

የሚዘፍኑት ስለ ምን እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ለልጆቻችሁ ግዙላቸው አላልኩም። ገንዘብንም ይወዳሉ። ስማቸው በእንግሊዝኛ መሳም ነው፣ በእኛ ቋንቋ ግን ኪስ ነው፤ ኪሳቸውንም አልረሱም። በ1977 ስለ እነሱ በታተመ የሥዕል መጽሐፍ ቀለም ላይ የገዛ ደማቸውን ጠብ አድርገው ሸጠዋል። የሬሳ ሣጥን ሳይቀር በስማቸው ተሽጧል። ይኼን ብናገር እውነት ነውና አላፍርም። ያሳፈረኝ ሌላው ነው።

ልጁ ለሥራ ሲወጣ አባትየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፓስተር፣ ያ የስማቸው ትርጉም ያሉት ነገር እኮ እውነት አይደለም» አለኝ። ፒተር ክሪስ ቀደም ሲል ‘ከንፈሮች’ የሚል ትርጉም ያለው ስም በያዘ ባንድ ውስጥ ነበር። ያንን ሲያነሣ ፖል ስታንሊ ‘እንግዲያው መሳም ብንለውስ’ አለ ይባላል። የሰይጣኑን ትርጉም ሌሎች ናቸው ያወጡላቸው፤ እነሱም ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲክዱት ኖረዋል። ጂን ሲመንስ የተወለደው ሃይፋ አካባቢ ነው፣ እናቱ ከናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ የተረፈች አይሁዳዊት ነበረች። ስታንሊም አይሁዳዊ ነው። ሆኖም የስማቸው መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት የናዚን ምልክት ስለሚመስሉ ጀርመን ውስጥ በሌላ ቅርጽ ነው የሚጻፉት። የዚያች እናት ልጅ በአንድ በኩል ናዚ ይመስላል፣ በሌላ በኩል ደግሞ እኔን በመሰለ ሰባኪ አፍ የሰይጣን ወታደር ይባላል።

«ፓስተር፣ ይኼንን የምነግርዎ ለእነሱ አዝኜ አይደለም» አለኝ። «እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ አንድ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር። አንድ እሑድ ሰባኪው ልክ እርስዎ ያሉትን ቃል በቃል ተናገረ። እኔ ደግሞ ስለ ሰዎቹ ብዙ አንብቤ ነበርና ውሸት መሆኑን አወቅሁ። ‘ይኼን ሳያጣራ በመስቀሉ ፊት ቆሞ የሚናገር፣ ስለ መስቀሉ የሚነግረኝንስ አጣርቶ ነው?’ አልኩ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሦስት ዓመት አልተመለስኩም። ባለፈው እርስዎን በሬዲዮ ስሰማ ልጄ አጠገቤ መኪና ውስጥ ነበር።»

አፌን ያዘኝ። ልጄ አጠገቤ ነበር!

አያቶቻችን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ። እኔ መላ አልጨመርኩም፣ ማይክራፎን ጨመርኩበት። ያንን ትርጉም የሰማሁት በወጣትነቴ ከአንድ በእጅ ከተባዛ ወረቀት ነው። ሃያ ሰባኪ ሲለው ሰምቻለሁ፤ አንዱም «ከየት አገኘኸው?» ብሎ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ዘጠነኛው ትእዛዝ ስለ ጎረቤት ነው የተነገረው፣ ለዓለማዊ ሙዚቀኛ አይሠራም የሚል ማስታወሻ ግርጌው ላይ አላየሁም። ደግሞ «ለበጎ ዓላማ ነው» እንላለን አይደል? ወጣቱን ለማስፈራራት ነው እንላለን። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ በሁለት ደቂቃ ያጣራዋል እኮ! ሲያጣራ የሚጥለው ባንዱን ብቻ መስሎህ እንዳትታለል ወንድሜ።

ስለ ቀለሙም ሳስብ ሰነበትኩ። ትርኢት በራሱ ኃጢአት ቢሆን የአሮን ቀሚስ ጫፍ ላይ የወርቅ ሻኩራ አይሰፋም ነበር። ባስልኤል በእጁ ሥራ ጥበብ የተሞላው በመንፈስ ነው፤ ክናንያም በዜማ ላይ የተሾመው ስለሚያውቅ ነው። ታዲያ ወደ እኛ መድረክ ስመጣ ዓይኔን የት ላድርግ? የጭስ ማሽን እኛም ገዝተናል። ግማሹ ሙዚቃ አስቀድሞ የተቀዳ ትራክ ሆኖ ልጆቹ ላዩ ላይ እጃቸውን የሚያንቀሳቅሱበት እሑድ አለ። የኪቦርዱ ልጅ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቁመቱን ይቀይረዋል እንጂ ሌላ ቁመት ላይ መጫወት አይችልም። የጮኸውን «ቅባት አለው» እንላለን፣ ተለማምዶ የመጣውን «ደረቅ ነው» እንላለን። ፖል ስታንሊ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በተቀዳ ድምፅ ይታገዛል ተብሎ አድናቂዎቹ ራሳቸው ሲቆጡበት ነበር። የእኛን ትራክ የተቆጣ ምእመን ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰው ለከፈለበት ትኬት የሚጠይቀውን እኛ ለእግዚአብሔር ቤት አንጠይቅም።

የዚያን ቀን ያንን ወንድም ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔን ይቅር ብያለሁ ፓስተር፤ ግን በሬዲዮ ያሉትን በሬዲዮ ይመልሱት» አለኝ። እነሆ ይህ መልእክት ያ ነው። በፊት የሰማችሁኝ ሁሉ፣ ያልኩት ሐሰት ነበር፤ ይቅር በሉኝ። ከዚህ በፊት ያንን በወረቀት ያሰራጫችሁ አገልጋዮች ካላችሁ፣ ይኼኛውንም ለዚያው ሰው አድርሱት።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ መዘምራኑን «ዛሬ ትራኩን እንተወው፣ ጭሱንም እንተወው፣ በአንድ የእንጨት ጊታርና በድምፃችሁ ብቻ እስኪ ዘምሩ» አልኳቸው። መጀመሪያ ላይ ተበላሸ፤ ሁለተኛ ድምፆቹ መግቢያቸውን ሳቱ፣ አንዷ እህት ሳቀች። በሦስተኛው ገጠመ። አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ልምምድ ሊያይ መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያልቅ ልጁ ጊታሩን ይዞ ወደ እሱ ሄደ፤ እኔም ምን እንደሚባባሉ ለመስማት ቀረብ አልኩ።

«ጥሩ ነበር» አለው አባቱ።

«አመሰግናለሁ አባዬ» አለ ልጁ። «ከበሮው ግን አሁንም አንቶን ፊግ ነው።»