የጥቁር ሕዝብ ታሪክ በመማሪያ ክፍላችን



ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ አስተማመር እንድናገር ስትጋብዙኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነው።

በዚሁ በደቡብ ጎንደር የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን መምህራችን ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ አስተማሩን። ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ሰንሰለቱና ስለ ጥጥ እርሻው በሚገባ አስረዱን። «ባሪያ» የሚለው ቃል ሲነሣ ግን ግማሹ ክፍል ወደ ኋላ ዞሮ አንድ ልጅ ተመለከተ። ከእኛ የሚለየው መልኩ ጠቆር ማለቱ ብቻ ነበር። አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቻችንም ተከተልን። እኔም ሥቄአለሁ። መምህሩ «ጸጥታ!» ብለው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ልጁ ደወሉ እስኪደወል ቀና አላለም። የካቲት 23 በደረሰ ጊዜ ያው ልጅ ከእኛ ጋር ተሰልፎ የአድዋን ድል አከበረ።

ያን ቀን ባርነት ከባሕር ማዶ ነጮች የፈጸሙት ግፍ መሆኑን ተማርን። በአገራችንም እንደነበረ ግን የነገረን አልነበረም። ሳቃችን ከየት እንደመጣ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በመተማና በምጽዋ በኩል ስንት ሰው ተሸጦ ወደ ውጭ አገር ተወስዷል። በየመኳንንቱ ቤት ውኃ የሚቀዱት፣ እህል የሚፈጩት ባሮች ነበሩ። ተማሪዎቻችንን ወደ ጋፋት ስንወስድ ሴባስቶፖል እንዴት እንደተሠራና ወደ መቅደላ እንዴት እንደተጎተተ እንተርካለን፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ለመከልከል መሞከራቸውን ግን አናነሣም። በ1915 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ስትጠይቅ ዋናው መከራከሪያ የባርነት ጉዳይ ነበር። ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እኔ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ በሕይወት ነበሩ።

አድዋ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል ነው ብለን ማስተማራችን ትክክል ነው። አድዋ ላይ ጣልያን በተሸነፈበት በ1888 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ በባቡር ተለያይተው እንዲሳፈሩ የሚያዝዘውን ሕግ አጸደቀ። የሄይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቫን ድሉን ሰምቶ ዐፄ ምኒልክ ድረስ የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን በሩቁ ጥቁር ወንድማችን መከራ እያዘንን አጠገባችን በተቀመጠው ልጅ የምንሥቅ ከሆነ፣ ድሉን በቃል ሸምድደነዋል እንጂ አልተማርነውም።

«የዳነ ቁስል ለምን ይነካል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። መዳኑን የመሰከረው ግን ቁስለኛው አይደለም። አባቶቻችንም በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ።

ነገ መምህራን የምትሆኑ ተማሪዎቼ፤ የአትላንቲክን ንግድ ከማስተማራችሁ በፊት የ1934ቱን ዐዋጅ አስተምሩ። አድዋን ስታስተምሩ የተሰለፈው ሠራዊት ከልዩ ልዩ ሕዝብና መልክ የተውጣጣ እንደነበረ አሳዩ። ከሁሉም በላይ፣ በክፍላችሁ እንዲያ ያለ ሳቅ ስትሰሙ መጽሐፉን እጠፉና በሳቁ ላይ ተነጋገሩ። የዕለቱ ትምህርት እርሱ ነው።

ያን ጓደኛዬን ይቅርታ ሳልጠይቀው ተለያየን። ይህን ንግግር የማደርገው ስለዚህም ጭምር ነው።